አይቪኤፍ ላይ ፅንሱ ስለሚያድርበት ፈሳሽ የሚወራውና እውነታው

አይቪኤፍ (እንቁላልንና የወንድ ዘርን ከሰውነት ውጭ አገናኝቶ ፅንሱን ወደ ማህፀን የማስገባት ሕክምና) የጀመሩ ጥንዶች ስለ መርፌው፣ ስለ ዋጋውና ስለ ሐኪሙ ስም ሲጠያየቁ ይውላሉ። ፅንሱ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ስለሚያሳልፍባት ጠብታ ፈሳሽ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠሩት ካልቸር ሚዲያ፣ ባጭሩም ሚዲያ ይሏታል። ማንም ስለማያስረዳ ወሬው ክፍተቱን ሞልቶታል፤ ደጋግሜ የሰማኋቸውን ላንሳ።

«ልጁ ቱቦ ውስጥ ነው የሚያድገው»

ጥፋቱ «ቴስት ቲዩብ ቤቢ» የሚለው ስም ነው። እንቁላሉና የወንዱ ዘር የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ ክዳን ባለው ዝርግ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ነው። ፈሳሹም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እጅግ ያነሰ ጠብታ ሲሆን፣ እንዳይተንና ሙቀቱ እንዳይለዋወጥ ላዩ ላይ ንጹሕ የማዕድን ዘይት ይፈስበታል። ፅንሱ እዚያ የሚቆየው ከ2 እስከ 6 ቀን ነው፤ የቀረው ዘጠኝ ወር የእናቱ ማህፀን ነው። በአይቪኤፍ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን (ሐምሌ 25 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዝ ኦልድሃም) ወደ እናቷ ማህፀን የገባችው ገና ስምንት ሕዋስ ሳለች ነበር። «ኢንኩቤተር ውስጥ ነው» ሲባልም ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚተኛበት ሣጥን በዓይናችሁ አይምጣ። የላብራቶሪው ኢንኩቤተር ሙቀትና ጋዝ የሚቆጣጠር ትንሽ ቁም ሣጥን ቢጤ ነው።

«ያው ጨውና ስኳር ያለው ውሃ ነው»

ድሮ ከዚህ ብዙም አይርቅም ነበር። በ1949 እ.ኤ.አ. የአይጥ ፅንስ ከሰውነት ውጭ ለማሳደግ የሞከረ ተመራማሪ የተጠቀመው የጨው ውሃ ላይ የዶሮ እንቁላል ነጭና አስኳል ጨምሮ ነው። በሰው አይቪኤፍ መጀመሪያ ዓመታትም የጨው ድብልቅ ላይ ከራሷ ከታካሚዋ ደም የተለየ ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ጥርት ያለ ፈሳሽ) ይጨመር ነበር። በኋላ የሴቷ ማህፀን ቱቦ ፈሳሽ ምን እንደያዘ ተለክቶ፣ እሱን የሚመስል ኤችቲኤፍ የተባለ ድብልቅ በ1985 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ዛሬ ያለው ከዚያ ይበልጥ የተጠና ነው፤ ምክንያቱም የፅንሱ ምግብ ራሱ ይለወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ኃይሉን በዋናነት የሚያገኘው ፓይሩቬት ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ግሉኮስን በደንብ መጠቀም የሚጀምረው ከስምንት ሕዋስ በኋላ፣ የራሱ ጂኖች ሥራ ሲጀምሩ ነው። አሚኖ አሲድም ያስፈልገዋል። ችግሩ፣ ግሉታሚን የሚባለው አሚኖ አሲድ ሙቀት ላይ ሲቆይ እየፈረሰ ፅንሱን የሚጎዳ አሞኒያ ይለቃል፤ ስለዚህ በማይፈርስ ዓይነቱ ተተካ። አንዲት ንጥረ ነገር ብትጎድልስ? በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ማግኒዥየም ጎድሎታል የተባለ የተመረተ ሚዲያ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደርጓል፤ ፅንሶቻችን በዚህ ጠፉ ያሉ ጥንዶችም ፍርድ ቤት ሄደዋል። «የጨው ውሃ» ለዚህ አያበቃም ነበር።

«የሌላ ሰው ደም ገብቶበታል፤ ታዲያ ልጁ የእኛ ነው?»

ይህን በሹክሹክታ የሚጠይቁ ስላሉ በግልጽ ልመልስ። አብዛኛው ሚዲያ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ብዙ ጊዜም ከለጋሾች ደም ተጣርቶ፣ ለኤችአይቪና ለጉበት ቫይረሶች ተመርምሮ የሚወጣ ነው። ፕሮቲን ግን ዘር አያወርስም። የልጁ ዘረመል የሚመጣው ከእንቁላሉና ከወንዱ ዘር ብቻ ነው። የላም ወተት የጠጣ ሕፃን ጥጃ እንደማይሆን ሁሉ፣ ይህም እንደዚያው ነው።

«ውዱና አዲሱ ፈሳሽ ደካማውን ፅንስ ያጠነክራል»

አያጠነክርም። የክሮሞዞም ስህተት ያለበትን ፅንስ የትኛውም ሚዲያ አያርመውም፤ ያ ስህተት በብዛት የሚመጣው ከእንቁላሉ ነው፣ ከሴቷ ዕድሜ ጋርም ይጨምራል። ሚዲያ ማድረግ የሚችለው ትልቁ ነገር ጤናማውን ፅንስ አለመጉዳት ነው። የትኛው የምርት ስም ይበልጣል ለሚለውም የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን ሰብስቦ አይቶ፣ አንዱ ከሌላው ይሻላል ለማለት ማስረጃው አይበቃም ብሏል። በሦስተኛው ቀን በሚቀየረው ሚዲያም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ በሆነውም ጥንዶች ልጅ ወልደዋል።

«እንግዲያው የትኛውም ይሁን፣ ልጁ ላይ አይታይም»

እዚህ ላይ ነው እኔም የተገረምኩት። ኔዘርላንድስ ማስትሪኽት ያሉ ተመራማሪዎች ሁለት ዓይነት ሚዲያ ሲጠቀሙ ከቆዩ በኋላ፣ ከአንደኛው የተወለዱት ሕፃናት ክብደት ከሌላው እንደሚለይ አስተዋሉ። ሌሎች አላመኑም። ስለዚህ በስድስት የኔዘርላንድስ ማዕከላት 836 ጥንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ ኤችቲኤፍ፣ ገሚሱ ጂ5 የተባለው ሚዲያ ደረሰው። በ2016 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ የጂ5 ልጆች በአማካይ 158 ግራም ቀለል ብለው ተገኙ። በሌላ በኩል ጂ5 ላይ ፅንስ ማህፀን ውስጥ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። በሕይወት ያለ ልጅ የወለዱት ጥንዶች ደግሞ በጂ5 44.1 በመቶ፣ በኤችቲኤፍ 37.9 በመቶ ቢሆኑም፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የሚያስተማምን አልሆነም።

ታዲያ የቱ ይመረጥ? እርግዝና የሚያበዛው ወይስ ልጁን ከበድ የሚያደርገው? ክብደት ደግሞ ብቻውን ጥሩ አይደለም፤ ሴረም ባለበት ፈሳሽ ያደጉ የበግና የከብት ፅንሶች ከመጠን በላይ ገዝፈው መወለዳቸው የታወቀ ነው። ሚዲያው የዘረመሉን ፊደል አይቀይርም፤ የትኛው ጂን መቼ እንደሚበራና እንደሚጠፋ ላይ ግን እጁን ሳያስገባ አይቀርም። ይህ ሁሉ እያለ ብዙ አምራቾች የያንዳንዱን ንጥረ ነገር መጠን አለማሳወቃቸው ለእኔ አይዋጥልኝም።

«ፈሳሹ ከውጭ የመጣ ነው፣ የትም ቢሆን ያው ነው»

ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ዋናው ነው። የሚዲያው ፒኤች (የአሲድነቱና የአልካላይንነቱ መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.4 አካባቢ እንዲሆን የሚያደርገው ኢንኩቤተሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ወሳኙ ደግሞ የጋዙ በመቶኛ ሳይሆን ግፊቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ባቄላችን ቶሎ አልበስል የሚለው፣ ውሃችንም ከ100 ዲግሪ በታች የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። ባሕር ወለል ላይ 6 በመቶ የሚበቃው ጋዝ እዚህ በስሌት ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። ማሽኑን እንደመጣ 6 ላይ የተወ ላብራቶሪ፣ ያንኑ ውድ ሚዲያ ከሚገባው በላይ አልካላይን ያደርገዋል።

ኦክስጅንም አለ። አየር ውስጥ ያለው 21 በመቶ ግድም ሲሆን የማህፀን ቱቦ ውስጥ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ወደ 5 በመቶ ዝቅ ማድረግ ውጤት እንደሚያሻሽል ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ ክሊኒክ ስትገቡ ከሚዲያው ስም ይልቅ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ኦክስጅኑን ትቀንሳላችሁ? ፒኤቹንስ እዚሁ ከፍታ ላይ ለክታችሁ ነው ጋዙን የምታስተካክሉት ወይስ መመሪያው ላይ ያለውን ቁጥር ነው የምትሞሉት?