የጋይኒ ኦንኮሎጂ ፌሎውሺፕ ምንድን ነው?

በማህፀን በር ካንሰር ተጠርጥራ ጥቁር አንበሳ ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተላከች ሴት፣ የሚያያት ሐኪም «ፌሎው» ሲባል ትሰማለች። አስታማሚው ነርሷን ጠጋ ብሎ «ተማሪ ነው እንዴ?» ይላል። «አዎ፣ እየተማረ ነው» ከተባለ ቤተሰቡ ይደነግጣል፣ ዋናው ሐኪም ይምጣልን ይላል። ሰው ስለ ወገኑ ቢሰጋ አይፈረድበትም፤ ግን ሥጋቱ ያለ ቦታው የገባ ነው። ይህ «ተማሪ» ስድስት ሰባት ዓመት ሕክምና ተምሮ፣ በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርቶ፣ ከዚያም አራት ዓመት በሬዚደንትነት ቆይቶ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት የሆነ ሰው ነው። ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታል ቢሄድ ዋናው ሐኪም እሱ ነው። አሁን የሚማረው ከስፔሻሊስትነት በላይ ያለውን፣ የሴት የመራቢያ አካላትን የካንሰር ሕክምና ነው። ይህ ሥልጠና ጋይኒ ኦንኮሎጂ ፌሎውሺፕ ይባላል።

የማህፀን በር፣ የማህፀን፣ የኦቫሪ (እንቁላል የሚያመርተው አካል)፣ የብልትና ከእርግዝና ጋር ተያይዘው የሚመጡ ካንሰሮች በዚህ ሙያ ሥር ይወድቃሉ። በአገራችን ትልቁን ሸክም የሚጥለው የማህፀን በር ካንሰር ነው። በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በዓመት ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች ይያዙበታል፤ ከ5 ሺህ በላይ ይሞቱበታል። በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኘው እሱ ነው።

ታዲያ የማህፀን ሐኪም እያለ ሌላ ሐኪም ለምን አስፈለገ?

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አለ። አንዲት የአርባ አምስት ዓመት ሴት ደም ይፈሳታል። ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ) ይሆናል ተብሎ ማህፀኗ በተለመደው ቀዶ ጥገና ይወጣል። ቁስሉ ድኖ ወደ ቤቷ ከገባች በኋላ የፓቶሎጂ፣ ማለትም የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ የታየበት ምርመራ፣ ውጤት ይደርሳል፤ የማህፀን በር ካንሰር ነበር። ቀዶ ጥገናው በራሱ በደንብ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ግን ካንሰሩ ወደ ጎን ተዘርግቶ ከነበረ ቢላዋው በመሐሉ አልፏል። ከዚያ በኋላ የሚቀራት ሁለተኛ ከባድ ቀዶ ጥገና ወይም ጨረር ነው፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ቢጀመሩ ኖሮ ይቀሉ ነበር። የዚህ ሁሉ መነሻ ከቀዶ ጥገናው በፊት የማህፀን በሩ በደንብ አለመታየቱና ናሙና አለመወሰዱ ነው።

ለካንሰሩ ተብሎ የሚሠራው ቀዶ ጥገና ከተለመደው ይለያል። ማህፀኑን ብቻ ሳይሆን ማህፀኑን ከዳሌ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘውን ሥጋ፣ የብልትን የላይኛውን ክፍልና በዳሌ ውስጥ ያሉትን ንፍፊቶች ጭምር ያወጣል። ይህን አሠራር በሥርዓት ያስያዘው የቪየናው ሐኪም ኤርንስት ቬርትሃይም ሲሆን የመጀመሪያውን የሠራው በ1898 ነው። በዚያ ዘመን በሽታው ሳይሆን ቀዶ ጥገናው ራሱ የገደላቸው ሴቶች ብዙ ነበሩ። ዛሬ ማደንዘዣውም ደሙም አንቲባዮቲኩም ተሻሽሏል። ያልተለወጠው የሰውነት አሠራር ነው። ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርደው ቀጭን ቱቦ ከማህፀን በር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ፣ ከማህፀን ደም ሥር በታች ሾልኮ ያልፋል። ፌሎው ይህን ቱቦ ሳይጎዳ፣ ደም እንዳያጣ አድርጎ ከጎረቤቱ ሥጋ ማላቀቅን ይማራል። ለወራት በሲኒየሩ አጠገብ ቆሞ ያያል፣ ቀጥሎ በሲኒየሩ እጅ ሥር ይሠራል፣ እያንዳንዱን ቀዶ ጥገና በመዝገብ ላይ ያሰፍራል።

ሰዎች ሥልጠናው በዚህ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። በእኔ ግምት ግን ከባዱ ትምህርት መቼ እንደማይቀደድ ማወቅ ነው።

የማህፀን በር ካንሰር ከአራት ሴንቲ ሜትር ካለፈ ወይም ማህፀኑ ዙሪያ ወዳለው ሥጋ ከገባ፣ ቀዳሚው ሕክምና ጨረርና ኬሞ (ካንሰርን የሚገድል መድኃኒት) አንድ ላይ እንጂ ቢላዋ አይደለም። ከ1999 ወዲህ ሲስፕላቲን የተባለውን መድኃኒት ከጨረሩ ጋር መስጠት የተለመደ ሆኗል። ወደ አዲስ አበባ ከሚመጡት ሴቶች አብዛኞቹ ደግሞ ዘግይተው የሚደርሱ ናቸው። ስለዚህ በቀዶ ጥገና የሠለጠነው ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው «አንቺን መቅደድ አይጠቅምሽም» እያለ ነው። «ይውጣልኝ፣ አውጣልኝ» ለምትል እናት ይህን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ከፌሎው የሚጠበቀው አንዱም እሱ ነው።

በሌላውም አቅጣጫ ዕውቀቱ ይለወጣል። በ2018 የወጣ ትልቅ ጥናት የዓለምን የማህፀን ካንሰር ሐኪሞች አስደንግጧል። ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ላለ የማህፀን በር ካንሰር በካሜራ ወይም በሮቦት፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች የተሠራላቸው ሴቶች በ4.5 ዓመት ውስጥ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት 86 በመቶ ሲሆኑ፣ ሆዳቸው ተከፍቶ የተሠራላቸው ግን 96.5 በመቶ ነበሩ። ሮቦት ካላቸው ሆስፒታሎች ብዙዎቹ ወደ አሮጌው አሠራር ተመለሱ። አዲስ አበባ ላይ ሮቦት ስላልነበረ ሆድ እየከፈተ የሚማረው ፌሎው፣ ሳያስበው ትክክለኛውን መንገድ ይማር ነበር ማለት ነው። ድህነት የሚመሰገን ነገር አይደለም፤ ይህ ግን እውነት ነው። በ2024 ደግሞ 700 ሴቶችን ያሳተፈ ሌላ ጥናት፣ እጢው ከሁለት ሴንቲ ሜትር ላላለፈና ጠልቆ ላልገባባቸው ሴቶች ቀላሉ ማህፀን ማውጣት ይበቃል አለ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ በዳሌ የተመለሰባቸው በቀላሉም በሰፊውም ቀዶ ጥገና ከመቶ ሁለት ከምናምን ነበሩ። ይህ ግን ከላይ ያነሳናትን ሴት አይመለከትም። በጥናቱ ውስጥ የገቡት ሴቶች ካንሰሩ አስቀድሞ የታወቀላቸው፣ መጠኑም የተለካላቸው ናቸው።

የኢትዮጵያ ፌሎው ላይ የሚጨመር አንድ ጣጣ አለ። መጽሐፉ «ጨረር ስጥ» ሲል ጨረሩ የት አለ? ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር፤ ወረፋውም በወራት ይቆጠር ነበር። በእነዚያ ወራት አራት ሴንቲ ሜትር የነበረው እጢ ስድስት ይሆናል። ጥያቄው ያኔ ወረፋ ይጠበቅ ወይስ በኬሞ አሳንሶ ይሠራ የሚል ይሆናል። ጨረር ባለበት አገር ኬሞ ቀድሞ ቀዶ ጥገና መከተሉ ከጨረሩ እንደማይሻል በጥናት ታይቷል። ጨረር በሌለበት ግን ንጽጽሩ ሌላ ነው፤ የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበርም በ2016 ባወጣው መመሪያ ሕክምናውን እንደ ቦታው አቅም ለይቶ አስቀምጧል። እንዲህ ያለው ውሳኔ ለአንድ ሰው አይተውም። ፓቶሎጂስቱ፣ የጨረር ሐኪሙ፣ የኬሞ ሐኪሙና ቀዶ ሐኪሙ ተሰብስበው ይመክሩበታል፤ ስብሰባው ቲዩመር ቦርድ ይባላል። ፌሎው ታካሚዋን ለቦርዱ አቅርቦ ይሟገታል።

የኦቫሪ ካንሰር ሌላ ዓለም ነው። ብዙ ጊዜ ሆድ ውስጥ ተበትኖ ስለሚገኝ ግቡ በዓይን የሚታይ ምንም እጢ ሳይተው ማውጣት ነው፤ አንዳንዴ ከአንጀትም ከጣፊያም መቁረጥ ይጠይቃል። በዚህ ላይ በካንሰር የሠለጠነ የማህፀን ሐኪም ሲሠራው ሴቶቹ የበለጠ እንደሚኖሩ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከእርግዝና የሚነሳው ኮሪዮካርሲኖማ በተቃራኒው፣ ሳንባ ደርሶም ቢሆን በመድኃኒት ብቻ ብዙ ጊዜ ይድናል። ሜቶትሬክሴት በተባለው መድኃኒት የመጀመሪያዎቹ ፈውሶች የተገኙት በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ፌሎውሺፕ ሦስት ዓመት ይፈጃል። እንዲህ ያለ ሥልጠና ላልነበራቸው አገሮች ዓለም አቀፉ የማህፀን ካንሰር ማኅበር በ2017 የሁለት ዓመት መርሐ ግብር ጀመረ፤ ኢትዮጵያም ከገቡት አገሮች አንዷ ናት። ፌሎው በአገሩ፣ በአገሩ ታካሚዎች ላይ ይማራል። የውጭ አማካሪዎች እየመጡ አብረውት ይሠራሉ፣ በየጊዜው በኢንተርኔት በሚደረግ ቲዩመር ቦርድም ያገኙታል። ውጭ ሄዶ መማር ያለው አንዱ ችግር መመለስ አለመመለሱ ሲሆን፣ ሌላው እዚህ የማይገኝ መሣሪያ ለምዶ መምጣቱ ነው።

ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ደም ለሚፈሳት ሴት «ማህፀን ይውጣ» ሲባል፣ የማህፀን በሩ ታይቷል ወይ፣ ናሙና ተወስዷል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ካንሰር ከተገኘና ሪፈር ከተጻፈ ደግሞ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም። የፓቶሎጂው ስላይድ (ናሙናው ያረፈበት ብርጭቆ) እና በሰም የታሸገው ናሙና ከላቦራቶሪው ተወስዶ አብሮ ይምጣ። ፌሎው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ ከሌለ ናሙናው እንደገና ይወሰዳል፣ ውጤቱም እንደገና ይጠበቃል።