የቄሳር ሳንቲም አገኘሁ ብላችሁ ከመጨፈራችሁ በፊት፦ ስለ ሮማ ነሐስ ሳንቲሞች የሚወሩ ስህተቶች

እኔ የምኖረው እንግሊዝ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የገበሬውን ፈቃድ ይዤ በዲቴክተር (በብረት መፈለጊያ መሣሪያ) ማሳ ላይ እዞራለሁ። ይሄን የሚያውቁ ሰዎች ጓሯቸውን ሲቆፍሩ ክብ አረንጓዴ ነገር ካገኙ ፎቶ ይልኩልኛል፣ ጥያቄው ደሞ ሁሌ አንድ ነው፣ «ስንት ያወጣል?»። ኧረ መጀመሪያ የማን ሳንቲም እንደሆነ እንወቀው! ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች እዚህ ልዘርግፋቸው።

«መጀመሪያ በደንብ አጽዳው»

አታጽዳው። እኔ የመጀመሪያዋን ሳንቲሜን ሎሚ ውስጥ ዘፍዝፌ በድስት ሽቦ ፈተግኳት፣ እንደ አዲስ አስር ሳንቲም ቦግ አለች፣ ግን ፊቱም ጽሑፉም አብሮ ታጥቦ ሄደ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ነሐስ 1600 ዓመት አፈር ውስጥ ሲቀመጥ ላዩ ወደ አረንጓዴ ወይ ቡናማ ቅርፊት ይቀየራል (ፓቲና ይሉታል) እና የንጉሡ አፍንጫ፣ ፊደሉ፣ ሁሉም የቀረው እዛ ቅርፊት ላይ ነው፣ እሱን ከላጣችሁት ከስር የምታገኙት የተቦረቦረ ብረት ብቻ ነው። ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ውሃውን እየቀየራችሁ ቀናት ይቆይ፣ ከዛ አፈሩን ብቻ በስቴኪኒ ቀስ እያላችሁ። ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ክሎራይድ ጨው ከእርጥበት ጋር ሆኖ እየበላው ነው ማለት ነው፣ ደረቅ ቦታ ለብቻው አድርጉትና ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።

«ፊቱ ከጠፋ በቃ አይታወቅም»

ይሄ በጣም የሚያናድደኝ ነው፣ ምክንያቱም እኔ አብዛኛውን የምለየው በጀርባው ነው። የስልካችሁን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን አብሩበት፣ ጥላው ያልታየውን ሁሉ ያወጣዋል። ባለፈው አንዱ የላከልኝ 17 ሚሊ ሜትር የሆነች ሳንቲም ፊቷ ልሙጥ ነበር፣ ከጀርባ ግን በጎን መብራት ሁለት ወታደሮች ቆመው መሃላቸው አንድ ዓላማ (የጦር ሰንደቅ) ታየ። በቃ፣ የቆስጠንጢኖስ ቤተሰብ ነው። ዓላማው ሁለት ከሆነ ከ330 እስከ 335 ገደማ (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)፣ አንድ ከሆነ ከዛ በኋላ። ሁለት ሕፃን የምታጠባ ተኩላ ካያችሁ ያው የ330ዎቹ ነው፣ የሮማ ከተማ መታሰቢያ። ወታደር ከፈረስ የወደቀ ሰው በጦር ሲወጋ ከሆነ ደሞ ከ348 በኋላ ነው። መጠኑም ይናገራል፦ ከ30 ሚሊ በላይ ሆኖ ወደ 25 ግራም የሚከብድ ሴስተርሺየስ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ዓመታት ገንዘብ። 10 ግራም ገደማ ሆኖ ሰፋ ያለው ዲዮቅልጥያኖስ በ294 አካባቢ ገንዘቡን ሲያሻሽል የመጣው ነው (አዎ፣ የዘመነ ሰማዕታቱ ዲዮቅልጥያኖስ)። የጥፍር ስፋት ያላቸው ትናንሾቹ ባብዛኛው የአራተኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ስለዚህ ሚዛንና ማስመሪያ ሳትይዙ አትጠይቁኝ።

«ኤ፣ ቪ፣ ጂ ይላል፣ የአውግስጦስ ነው፣ ጌታ የተወለደበት ዘመን!»

ስንቱ ነው በዚህ የጨፈረው። አውግስጦስ ማዕረግ ሆኖ ቀርቷል፣ ከሱ በኋላ የነገሡት ሁሉ ማለት ይቻላል ጽፈውታል። መጀመሪያ ላይ «ዲ፣ ኤን» ካለ «ጌታችን» ማለት ነው፣ ግን ኢየሱስ ሳይሆን ንጉሡ ነው፣ እሱም የኋለኛው ዘመን ምልክት ነው። አስቸጋሪው የቆስጠንጢኖስ ቤት ነው፣ አባትየው ኮንስታንቲኑስ (ቆስጠንጢኖስ ራሱ)፣ ልጁ ኮንስታንቲዩስ፣ በላቲን ልዩነታቸው አንዲት «ኤን» ናት፣ እሷ ከተሸረፈች በጀርባው ካልሆነ መለየት የለም። ሌላው ልጅ ኮንስታንስ ነው፣ አንዱ ልጅ ደሞ የአባቱን ስም እንዳለ ወስዷል። ቤተሰብ ነው እንግዲህ!

«አናቱ ላይ ጨረር አለ፣ ቅዱስ መሆን አለበት»

አይደለም፣ የዋጋ ምልክት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ዘመናት ዱፖንዲየስ የሚባለው ሳንቲም አስ ከሚባለው ሌላ ሳንቲም ዋጋው እጥፍ ስለሆነ ንጉሡ ባብዛኛው ባለጨረር አክሊል ያደርጋል፣ አስ ላይ ግን ባብዛኛው የሎረል ቅጠል ነው።

«ዓመቱ ተጽፎበታል»

ሁለት «ኤክስ» (በሮማ ቁጥር 20 ነው) ያየ ሁሉ ዓመት ይመስለዋል፣ በአበባ ጉንጉን መሃል ከሆነ ንጉሡ ለ20 ዓመት ንግሥና የተሳለው ስለት ነው። ግብጽ እስክንድርያ የተሠሩት ላይ የንግሥና ዓመት በግሪክ ቁጥር ይጻፍ ነበር፣ ከዛ ውጪ ባብዛኛው የለም። «ከክርስቶስ ልደት በፊት» የሚል ካገኛችሁ ግን የሠራው ሰው ቀልደኛ ነው።

«ጥንታዊ ስለሆነ ውድ ነው»

በ2010 ሶመርሴት ውስጥ ፍሮም አካባቢ ከአንድ ማሰሮ ብቻ 52,503 ሳንቲም ወጥቷል። ያረጀ የአራተኛ ክፍለ ዘመን ትንሽ ነሐስ በጥቂት ፓውንድ ይሸጣል፣ አንዳንዴ ፖስታው ይበልጠዋል።

«ያገኘሁት የኔ ነው»

እንደየአገሩ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከአንድ ቦታ 10 እና ከዚያ በላይ ጥንታዊ የነሐስ ሳንቲም ካገኛችሁ በ1996ቱ ሕግ በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ አንድ ብቻ ከሆነም የመሬቱ ባለቤት መብት አለው። እስራኤል ያላችሁ ደሞ በጣም ተጠንቀቁ፣ በ1978ቱ ሕግ የመንግሥት ንብረት ነው፣ በ15 ቀን ማሳወቅ አለባችሁ፣ ያለ ፈቃድ በዲቴክተር መፈለግም ክልክል ነው።

«አረንጓዴ ትንሽ ሳንቲም ሁሉ የሮማ ነው»

እስራኤልን ካነሳሁ አይቀር፣ እዛ በቁፋሮ ከሮማና ከባይዛንታይን ትናንሽ ነሐሶች ጋር የአክሱምም ተገኝተዋል። አንዳንዶቹ የአክሱም ነሐሶች መስቀሉ አካባቢ ወርቅ ተለብጦባቸዋል፣ ሮማ እንዲህ ያለ ነገር ነሐስ ላይ አልለመደባትም። ከሁሉም የምወደው ስሙ «መሐደየሰ» ተብሎ የተጻፈው ንጉሥ ሳንቲም ነው፣ ጽሑፉ ግዕዝ ነው፣ አናባቢ ምልክት የለውም፣ «በዚህ መስቀል ድል ታደርጋለህ» ይላል፣ የቆስጠንጢኖስን ቃል ወስዶ በራሱ ፊደል።