ኤንኤችኤልኢ ምንድን ነው? የኮሌጅ ነጥብ ሲመነዘር

ባለፈው ቅዳሜ በሚኔሶታዋ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ቡና እየጠጣን፣ አንድ የማውቀው ወጣት ስልኩን አዙሮ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ በቃ አለቀለት» አለኝ። ስክሪኑ ላይ የአንድ የኮሌጅ የበረዶ ሆኪ አጥቂ ስም አለ። ከስሙ ጎን 31 ይላል። «ኤንኤችኤልኢው 31 ነው። ኤንኤችኤል ቢገባ ከ31 ነጥብ አያልፍም ማለት ነው።» ኤንኤችኤል የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ ነው። ማን እንዲህ አለህ ስለው አንድ ተንታኝ ጠቀሰልኝ። ተንታኙ ሌላም ጨምሯል። የኮሌጅ ነጥብ የተነፋ ነው፣ ሲመነዘር ይሟሽሻል ብሏል።

ይህን አባባል ዘንድሮ ስንት ጊዜ ሰማሁት! ሙያዬ ስታቲስቲክስ ነው። የሚኔሶታን ብርድ ያስለመደኝ ደግሞ ሆኪ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያበላሹብኝ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ኤንኤችኤልኢ የሊግ ምንዛሪ ነው። አንድ ተጫዋች በሌላ ሊግ ያገኘው ነጥብ፣ ማለትም ጎሉና አሲስቱ ተደምሮ፣ በኤንኤችኤል ስንት ያወጣል የሚለውን ይገምታል። ስሌቱ ቀላል ነው። ከኮሌጅ ወጥተው በቀጣዩ ዓመት ኤንኤችኤል የተጫወቱ ልጆች ይሰበሰባሉ። በኤንኤችኤል በጨዋታ ያገኙት አማካይ ነጥብ በኮሌጅ በጨዋታ ላገኙት ይካፈላል። የሚወጣው ቁጥር ተመኑ ነው። ሐሳቡን በሆኪ ዓለም ያስፋፋው ጋብሪኤል ዴጃርዳን ነው። በእሱ የቀድሞ ሠንጠረዦች የጠንካሮቹ የኮሌጅ ኮንፈረንሶች፣ ማለትም የቡድን ምድቦች፣ ተመን ወደ 0.4 ይጠጋ ነበር። ለሒሳብ እንዲቀለን 0.4ን እንያዝ። የሆኪውን ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ሰው ለምን እንደሚማረክበት ላሳያችሁ። ጃክ አይክል በ2014-15 ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ በ40 ጨዋታ 71 ነጥብ አገኘ። በ0.4 ተመንዝሮ ለ82 ጨዋታ (የዚያ ጊዜ የኤንኤችኤል ሙሉ ዓመት) ሲሰላ 58 ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት የኤንኤችኤሉ ቡፋሎ ቡድን ገብቶ በ81 ጨዋታ 56 አመጣ። ነፍስ ይማርና ጆኒ ጎድሮ ደግሞ በ2013-14 ለቦስተን ኮሌጅ በ40 ጨዋታ 80 ነጥብ ነበረው። ምንዛሪው 66 ገደማ ይላል። ካልጋሪ በገባበት የመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ በ80 ጨዋታ 64 አገኘ። ለካ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ያሰኛል። እኔም በጊዜው እንደዚያ ብያለሁ።

አሁን ሌሎቹን እንያቸው። ማክሊን ሴሌብሪኒ በ2023-24 ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ በ38 ጨዋታ 64 ነጥብ አገኘ። ምንዛሪው በሙሉ ዓመት 55 ይሰጠዋል። እሱ ግን ሳን ሆዜ ገብቶ፣ ተጎድቶ 12 ጨዋታ አምልጦትም፣ በ70 ጨዋታ 63 አመጣ። ወደ 82 ጨዋታ ብንወስደው 74 ገደማ ነው። በዚያው ዓመት እዚያው ሳን ሆዜ አብሮት የገባው ዊል ስሚዝ በኮሌጅ በ41 ጨዋታ 71 ነጥብ ነበረው። ምንዛሪው 57 ይላል። ያመጣው በ74 ጨዋታ 45 ነው። አዳም ፋንቲሊ ከሚሺጋን ሲወጣ ምንዛሪው 59 ነበር። ኮሎምበስ ላይ 49 ጨዋታ እንደተጫወተ የበረዶ ጫማ ስለት ባቱን ቆረጠውና ዓመቱ በ27 ነጥብ ተዘጋ።

ተከላካዮቹ ጋ ስንመጣ ልዩነቱ ይብሳል። ኬል መካር በ2018-19 ለማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በ41 ጨዋታ 49 ነጥብ አገኘ። ሲመነዘር 39 ነው። ኮሎራዶ በገባ በመጀመሪያው ሙሉ ዓመቱ በ57 ጨዋታ ብቻ 50 አመጣ። ሌን ሃትሰን ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ምንዛሪው 42 ነበር። በ2024-25 ለሞንትሪያል 66 ነጥብ አግኝቶ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ።

እንግዲህ ከአይክልና ከጎድሮ በቀር፣ ከቁጥሩ በላይም በታችም በ10፣ በ20፣ ከ30 በላይም ያህል የራቁ አሉ። ተመኑ ስህተት ነው ማለት ግን አይደለም። ተመኑ የአማካይ ተመን ነው። አማካይ ስለ ብዙ ሰው ይናገራል፤ ስለ አንድ ልጅ ብቻውን ብትጠይቁት የሚነግራችሁ በጣም ሰፊ ክልል ነው። በእኔ ሙያ ያንን ክልል ሳይጽፍ ቁጥር ብቻ አውጥቶ የሚያቀርብ ሰው ሥራው ይመለስበታል። 31 ብሎ መጻፍና «ምናልባት ከ15 እስከ 50» ብሎ መጻፍ አንድ አይደለም። ደግሞ የኮሌጅ ዓመት ቢበዛ 40 ጨዋታ ገደማ ነው። በ40 ጨዋታ ብቻ አምስት ስድስት ፓክ (የሆኪዋ ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) የጎሉን ብረት መትታ ብትገባ ወይም ብትወጣ ምንዛሪው ላይ ብዙ ነገር ይቀየራል።

ምንዛሪ ካልን አይቀር ነገሩን ወደ ብርና ዶላር እንውሰደው። ገንዘብ ወደ አገር ቤት የላከ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መቶ ዶላር መቶ ዶላር ነው፤ ስንት ብር እንደሚሆን የሚወስነው ግን የት እንደተመነዘረ ነው። ባንክ አንድ ተመን ነበረው፣ ጥቁር ገበያው ሌላ። ሆኪም እንደዚሁ ነው። ያው ልጅ፣ ያው ችሎታ፣ ሁለት መስኮት። አንደኛው መስኮት የመጀመሪያው ፓወር ፕሌይ ቡድን ነው። ተጋጣሚው በቅጣት አንድ ሰው ጎድሎበት፣ ከጎኑ የቡድኑ ምርጥ አጥቂዎች ቆመው ይጫወታል። ሌላኛው መስኮት አራተኛው መስመር ነው፤ በተራ ከሚገቡት የአጥቂ ቡድኖች የመጨረሻው። በጨዋታ ዘጠኝ አሥር ደቂቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ በራስ ሜዳ እየተከላከሉ። መካር ኮሎራዶ ሲገባ ፓኳን የሚያቀብላቸው ናታን ማኪነንና ሚኮ ራንታነን ነበሩ። ኮሌጅ እያለ ያው ፓስ የሚደርሰው ብዙዎቹ ከምረቃ በኋላ ሌላ ሥራ ለሚገቡ ልጆች ነው። መስኮቱን ሳይጠይቁ «31 ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጥ ያሳስበኛል። ተመኑ የተሰላው ከእነማን ነው? ከተሻገሩት ብቻ። መስኮቱ ላይ ደርሰው የተመለሱት ደረሰኝ የላቸውም። አንዲ ሚሌ በ2010-11 ለኦሃዮው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ በ39 ጨዋታ 71 ነጥብ አግኝቶ ሆቢ ቤከርን፣ የኮሌጅ ሆኪን ትልቁን ሽልማት፣ ወሰደ። ምንዛሪው 60 ገደማ ይላል። በኤንኤችኤል የተጫወተው ግን ከ20 ያነሰ ጨዋታ ነው። ከሥር ባለው ሊግ፣ በኤኤችኤል፣ ጎበዝ ነጥብ አምጪ ነበር። እንደ እሱ ያሉት ለ0.4 ስሌት አይመቹም፤ በቀጣዩ ዓመት ኤንኤችኤል ውስጥ በቂ ጨዋታ የላቸውማ። ያለፉትን ብቻ ቆጥሮ ስለ ሁሉም መናገር በሙያችን በመጀመሪያው ዓመት የሚያስተምሩን ስህተት ነው።

ይህን ለማረም ሌሎች ሰዎች በኋላ ሰንሰለት ሠሩ። ከኮሌጅ ወደ ኤኤችኤል፣ ከኤኤችኤል ወደ ኤንኤችኤል፣ ሁሉንም ሊግ እርስ በርስ አያይዘው አሰሉ። እንዲህ ሲሰላ የኮሌጁ ተመን በአንዳንዶቹ ወደ 0.2 ይወርዳል። ግማሽ ማለት ነው! የወጣቱ ስልክ ላይ ያለው 31 ከየትኛው ሠንጠረዥ እንደመጣ አልተጻፈም። በአንዱ 31 የሆነ ልጅ በሌላው 62 ወይም 15 ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ «በሚቀጥለው ዓመት ኤንኤችኤል መግባት ከቻለ ስንት ያመጣል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሌላው «ያልተሻገሩትንም ጨምረን የዛሬው ነጥቡ ስንት ያወጣል?» ይላል። ጥያቄውን ሳይናገር መልሱን ብቻ የሚያሳይ ተንታኝ፣ ይቅርታ ያድርግልኝና፣ አድማጩን እያሳሳተ ነው።

ምንዛሪ የዕለቱ ዋጋ መሆኑም ይረሳል። ዛሬ ስንት ያወጣል ይላል እንጂ ባስቀምጠው ስንት ይሆናል አይልም። ሆኪ ውስጥ ይህ የዕድሜ ጉዳይ ነው። ኮሌጅ ውስጥ የ18 ዓመት ልጅና የ23 ዓመት ጎልማሳ በአንድ በረዶ ላይ ይጫወታሉ። የሁለቱ እኩል ነጥብ እኩል ትርጉም የለውም። ዛክ ሃይመን በ22 ዓመቱ ሚሺጋን ላይ በ37 ጨዋታ 54 ነጥብ ነበረው፤ ሲመነዘር 48። ከኤኤችኤል ቆይታ በኋላ በቶሮንቶ የመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ 28 ብቻ አገኘ። አየህ፣ የተነፋ ነው ይባል ነበር። ያው ሰው በ2023-24 ለኤድመንተን 54 ጎል አስገባ። ነጥብ አላልኩም፣ ጎል! ከቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ የወጣው ማርቲን ሳን ሉዊን ደግሞ በድራፍት፣ ቡድኖች በየዓመቱ ወጣት በሚመርጡበት ሥርዓት፣ የመረጠው ቡድን አልነበረም። በ2003-04፣ 28 ዓመቱ ላይ፣ 94 ነጥብ ይዞ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። የትኛው ተመን ይህን ይነግራችኋል?

በረዶው ላይ የሚሆነውን በዓይን ያየ ሰው ደግሞ ቁጥሩን በሌላ መንገድ ያነበዋል። ማሪዩቺ፣ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ የሆኪ አዳራሽ፣ ሄጄ ጥግ ላይ ስቀመጥ የማየው ሁሌ አንድ ነገር ነው። የኮሌጅ አጥቂ፣ ፊቱን በሙሉ በሽቦ ሸፍኖ፣ ግድግዳው ሥር ፓስ ይቀበላል። ፓኳን በዱላው ያቆማታል። ቀና ይላል። ሜዳውን ያያል። ከዚያ ይሰጣል። ያቺ ቀና የማለት ቅጽበት ናት በኤንኤችኤል የምትጠፋው። እዚያ ፓኳ ሳትደርስ የተከላካዩ ዱላ ደርሷል። ስለዚህ ሜዳውን ፓኳ ከመምጣቷ በፊት አይቶ መጨረስ አለበት። አንዳንዱ ልጅ ኮሌጅ እያለም እንደዚያ ያደርጋል፤ ሳይቸግረው። ሌላው በጉልበትና በፍጥነት ብቻ ያመጣዋል። ሁለቱም 1.2 ነጥብ በጨዋታ ሊኖራቸው ይችላል። እኔ ቁጥር እወዳለሁ፤ ይህንን ግን ቁጥሩ አይነግረኝም። በዚህ ላይ ኮሌጅ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብና ቅዳሜ ተጫውቶ ሳምንቱን ያርፋል፣ ይለማመዳል። ኤንኤችኤል ከ80 በላይ ጨዋታ ነው፤ በሳምንት ሦስት አራት።

«የኮሌጅ ነጥብ የተነፋ ነው» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ከሦስት የኤንኤችኤል ተጫዋቾች አንዱ ገደማ በኮሌጅ ያለፈ ነው። ከ2021 እስከ 2025 ለምርጥ ተከላካይ ከተሰጡት አምስት ሽልማቶች አራቱን የወሰዱት የኮሌጅ ልጆች ናቸው፤ አዳም ፎክስ ከሃርቫርድ፣ ኩዊን ሂዩዝ ከሚሺጋን፣ መካር ሁለት ጊዜ። በ2025 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ኮነር ሄለባክም ከማሳቹሴትስ ሎዌል ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። እሱ በረኛ ነው። ምንዛሪው ስንት ነበር? አልነበረውም። ጎል የሚያድን ሰው በነጥብ አይመነዘርም።

ወጣቱ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ፣ «እሺ፣ ጌቪን ማኬናስ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ማኬና ከካናዳ የወጣቶች ሊግ ወደ አሜሪካ ኮሌጅ የተሻገረ አጥቂ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ታስታውሳላችሁ። በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የዋዜማውን ተመን ይዞ ዕቃ የገመተ ነጋዴ ሒሳቡ ተበላሸ። የኮሌጅ ሆኪም እንዲህ ያለ ቀን ደርሶበታል። ለብዙ ዓመታት በካናዳ ዋና የወጣቶች ሊጎች የተጫወተ ልጅ አሜሪካ ኮሌጅ መጫወት አይፈቀድለትም ነበር። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ በ2024 መጨረሻ ደንቡን ቀይሮ ከነሐሴ 2025 ጀምሮ በሩን ከፈተ። ማኬናም በካናዳው ሜዲሲን ሃት ቡድን በ56 ጨዋታ 129 ነጥብ ካመጣ በኋላ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከእሱ ጋር ብዙ ጎበዞች ገብተዋል። ተከላካዩም በረኛውም ከድሮው ከጠነከረ አንድ የኮሌጅ ነጥብ ዋጋው ይጨምራል ብዬ እገምታለሁ። ምን ያህል ለሚለው ግን እነዚህ ልጆች ተሻግረው ሁለት ሦስት ዓመት እስኪጫወቱ ማካፈያ የሚሆን ቁጥር የለም። አሁን የምታዩት ሠንጠረዥ ሁሉ የተሠራው ከበሩ መከፈት በፊት በነበሩት ልጆች ነው።

ወጣቱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። «ቆይ ግን ጋሼ፣ ያ 31 የተባለው ልጅ ፓስ ሲቀበል ቀና የሚለው መቼ ነው? ከመድረሷ በፊት ነው በኋላ?» አለኝ። እሱን እንኳ ሁለት ጊዜ ጥግ ላይ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ወንበሬን ጠጋ አደረግሁና ነገርኩት።