የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ ምንድን ነው?

አቃቂ አካባቢ ወንዙ በክረምት ሲሞላ ጎርፉ ቤት ብቻ አያፈርስም። የጉድጓድ ሽንት ቤቱን ሞልቶ ያወጣና ቆሻሻውን ወደ ውሃ ጉድጓዱና ወደ ጎመን ማሳው ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ የሚፈራው አተት ነው። የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ የአየር ንብረት ለውጥ ለሚያመጣው እንዲህ ላለ አደጋ ታዳጊ አገሮችን የሚረዳ ዓለም አቀፍ የገንዘብ ቋት ነው።

ዓለምን የሚያሞቀውን ጭስ መቀነስ «ቅነሳ» ይባላል፤ ጎርፉ ሳይመጣ የወንዙን ዳር መገደብ ደግሞ «መላመድ»። ሁለቱም ሳይበቁ ቀርተው የደረሰው ነው «ጉዳትና ኪሳራ»። የፈረሰ ግድግዳ ስለሚጠገን ጉዳት ነው፤ የሞተ ሰውና ታጥቦ የሄደ አፈር ግን አይመለሱምና ኪሳራ ናቸው። ኪሳራ ሲባል ነጋዴ የከሰረው ገንዘብ ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል።

ሐሳቡን በ1991 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የፓሲፊክ ደሴት አገሯ ቫኑዋቱ በትንንሽ ደሴት አገሮች ስም አቀረበችው። ፈንዱ እንዲቋቋም የተወሰነው ግን ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2022 ግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ነው። በ2023 ዱባይ በተካሄደው ጉባኤ ላይ አገሮች ሥራ እንዲጀምር ተስማሙ፤ ለጊዜው ዓለም ባንክ ያስተናግደዋል። ከ26 የቦርድ መቀመጫዎች 14ቱ የታዳጊ አገሮች ናቸው።

በመቀመጫ ቁጥር ከታየ ሚዛኑ የተስተካከለ ይመስላል። የገንዘቡን መጠን የሚወስኑት ግን ሰጪዎቹ ናቸው፤ መዋጮው በፈቃደኝነት ነውና። የፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት በ2015 ሲጸድቅ አብሮ የወጣው ውሳኔ፣ ስለ ጉዳትና ኪሳራ የሚናገረው አንቀጽ 8 ለተጠያቂነትም ሆነ ለካሳ መሠረት እንደማይሆን በግልጽ አስፍሯል። ብዙ ጭስ የለቀቀው አገር እንደ ባለዕዳ ሳይሆን እንደ ለጋሽ ይቀርባል፤ ይህ ትልቅ በደል ነው። ዱባይ ላይ ቃል የተገባው ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቃል መግባት፣ ውል መፈረምና ገንዘቡን ማስገባት ደግሞ ለየቅል ናቸው።

ለመጀመሪያው ዙር 250 ሚሊዮን ዶላር ተመድቧል። ብድር ሳይሆን ልገሳ ነው። ቢያንስ ግማሹ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ እጅግ ላላደጉ አገሮችና ለትንንሽ ደሴቶች ይሄዳል። አንድ ፕሮጀክት የሚያገኘው ከ5 እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር ነው። የአንድ ቀበሌ ጎርፍ ብቻውን እዚህ ወለል ላይ አይደርስም፤ ከሌሎች ወረዳዎች ጋር ተደምሮ በመንግሥት በኩል መቅረብ አለበት።

ለመደመር መዝገብ ያስፈልጋል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ከጎርፍ በኋላ የሚሠራ ዝርዝር ቤትና ከብት ብቻ ከቆጠረ፣ ሕመሙ በጤና ኬላው መዝገብ ተለይቶ ይቀራል። ሁለቱን የሚያገናኙት መንደርና ቀን ናቸው። ስለዚህ የሞሉት ሽንት ቤቶች ብዛት፣ የተበከለው የውሃ ጉድጓድ፣ የታማሚው መንደር፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀንና የወጣው ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ጨው) አብረው ይመዝገቡ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይጻፍ። የእኛ ነሐሴ 12 በፈረንጆቹ ኦገስት 18 ነው፤ ኦገስት 12 ተብሎ ከተተረጎመ ከዝናቡ መረጃ ጋር ስድስት ቀን ይተላለፋል፣ ጎርፉም ባልዘነበበት ቀን የመጣ ይመስላል።