ዋት በኪሎ ማለት ምን ማለት ነው?

ስለ አንድ ወጣት ብስክሌተኛ "ልጁ 420 ዋት ያወጣል፣ ታዲያ እንዴት ዳገት ላይ ተቆርጦ ቀረ?" የሚል ጥያቄ ሰሞኑን ሦስቴ አየሁ። ነገሩ ቀላል ነው። ዋት እግር በየሰከንዱ ፔዳሉ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ነው። ዳገት ላይ ግን ያ ጉልበት ለሰውነት ክብደት ይካፈላል፤ ዋት በኪሎ የሚባለው ይሄ ነው።

ይሄ ልጅ 75 ኪሎ ነው እንበል። 420 ሲካፈል 5.6 ይመጣል። ጓደኛው 60 ኪሎ ሆኖ 360 ዋት ያወጣል፣ የእሱ 6 ይመጣል። ሜዳ ላይ ዋናው ጠላት ነፋስ ስለሆነ ከባዱ ያይላል። አልፕ ደ ዊዝ በሚባለው የፈረንሳይ ተራራ ላይ ግን፣ 13.8 ኪሎ ሜትር፣ በአማካይ 8 በመቶ ገደማ ዳገት፣ ቀጭኑ ጥሎት ይሄዳል። (ብስክሌቱም ክብደት አለው፣ ለጊዜው እንተወው።)

እስከዚህ እርግጥ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን እንደ ሰዉ ነው። 6 ያወጣው ለ5 ደቂቃ ነው ወይስ ለ40? በትኩስ እግር ነው ወይስ 4 ሰዓት ከጋለበ በኋላ? የ19 ዓመት ልጅን የ5 ደቂቃ ቁጥር አይቶ "ቀጣዩ ፖጋቻር" (የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊው ስሎቬኒያዊ) ማለት ችኮላ ነው። እኔ የማየው የብዙ ቀን ውድድር የመጨረሻ ዳገቶችን ነው። ኮሎምቢያዊው በርናል በ2017፣ ፖጋቻር በ2018 የወጣቶቹን ቱር ደ ላቬኒር አሸንፈው፣ ሁለቱም ከዚያ ድል ሁለት ዓመት በኋላ ቱር ደ ፍራንስን ወሰዱ። እዚያ ያሸነፈ ሁሉ ግን እዚህ አይደርስም።

ደግሞ "ይክሳና ቁጥሩ ይጨምር" አትበሉ። ምግብ ሲጎድል ዋቱም አብሮ ይወርዳል።