የገጸ ባሕርይ ፈጠራ ምንድን ነው?

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄድ ምናባዊ የሚና ጨዋታ ውስጥ የገጸ ባሕርይ ፈጠራ የሚባለው፣ ተጫዋቹ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ በስሙ የሚናገርለትንና በቦታው ሆኖ የሚወስንለትን ሰው ዘመቻው፣ ማለትም በብዙ ምሽቶች የሚቀጥለው የጨዋታው ታሪክ፣ ከመጀመሩ በፊት የሚያበጅበት ሥራ ነው። የጨዋታው መሪ ዓለሙን፣ ጠላቶቹንና በየመንገዱ የሚገኘውን ሕዝብ ሁሉ ሲይዝ፣ ለተጫዋቹ የሚቀረው ይህ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ልማዱን የተከለው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። በዚያ ጨዋታ ገጸ ባሕርዩ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ግርማ ሞገስ በሚሉ ስድስት ችሎታዎች ይለካል፤ ለእያንዳንዱም ሦስት ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ተጥለው ድምራቸው ይመዘገብ ነበር። ከፍተኛው 18 የሚወጣው በአማካይ ከ216 ጊዜ አንዴ ስለሆነ፣ የዚያን ዘመን ተጫዋች ገጸ ባሕርዩን መረጠ ከማለት ይልቅ ዕጣ ያመጣለትን ተቀበለ ማለት ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ትራቨለር ደግሞ ከዚህም ብሶ፣ ገጸ ባሕርዩ ገና በመፈጠር ላይ እያለ፣ ማለትም ከጨዋታው በፊት ያሳለፈው የአገልግሎት ዘመን በዳይስ ሲወሰን፣ ሊሞት የሚችልበት ጨዋታ ነበር።

ኋላ ላይ ዕጣው ለዘብ ብሏል። አራት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን መተው አማካዩን ከ10.5 ወደ 12 ገደማ ከፍ ያደርገዋል፤ ከዚህ ሌላ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8 የሚሉትን የተወሰኑ ቁጥሮች ለስድስቱ ችሎታዎች ማደላደል ወይም በ27 ነጥብ ችሎታዎቹን እንደ ፍላጎት መግዛት ይቻላል። ለረጅም ዘመቻ እኔ የተወሰኑትን ቁጥሮች እመርጣለሁ፤ በአንድ ምሽት የቀናው ተጫዋች ዓመቱን ሙሉ ከጓደኞቹ ልቆ እንዲቆይ የሚያደርግ ዕድል ለሌሎቹ ይከብዳልና። ደግሞም ጀማሪዎች የሚጨቃጨቁበት ልዩነት ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው፦ በዛሬው ደንብ አንድ ድርጊት መሳካቱን ለመወሰን በሚጣለው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ላይ 14ም ሆነ 15 የሚጨምሩት ያው ሁለት ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ሙያ፣ ዝርያና የኋላ ታሪክ ይመጣሉ። ሙያው ተዋጊ፣ አስማተኛ ወይም ካህን ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ደንቦችም ምርጫውን በዝርዝር ስለሚያስቀምጡ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የኋላ ታሪኩ ነው። አሥር ገጽ ሙሉ ጀብዱ ጽፎ የሚመጣ ተጫዋች፣ ገጸ ባሕርይ እየበረታ ከሚወጣቸው ደረጃዎች ገና በመጀመሪያው ላይ ያለና አንድ ተኩላ ሊገድለው የሚችል ገጸ ባሕርይ ይዞ ሲቀመጥ ወረቀቱና ጨዋታው ይጣላሉ። ይልቁንስ «በተከበበ ምሽግ ዘብ ሳለ በሩን ሳይዘጋ ሸሸ፤ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለጨዋታው መሪ ብዙ ሥራ ይሰጠዋል፤ ምክንያቱም ከዚያ ምሽግ የተረፈ ሰው በማንኛውም ጊዜ በመንገድ ላይ ሊገጥመው ይችላል።

ሌላው የተለመደ ስህተት ማንንም የማያምን፣ ዝምተኛና ብቸኛ ጎራዴኛ መፍጠር ነው፤ ጨዋታው የጓዶች ጨዋታ ሆኖ ሳለ፣ አብሮ የማይጓዝበትን ምክንያት ብቻ ይዞ የመጣን ሰው ጓደኞቹ በየምሽቱ መለመን ይገደዳሉ። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቡድኖች ከዘመቻው በፊት ሁሉም ተሰብስበው፣ ታሪኩ ምን ዓይነት እንደሚሆን፣ የትኞቹ ጉዳዮች እንደማይነሱና ገጸ ባሕርያቱ በምን እንደሚተዋወቁ ይስማማሉ። መሪው የባሕር ጉዞ እያዘጋጀ ከሆነ፣ የበረሃ መንገድ መሪ ሊፈጥር ያሰበው ተጫዋች ይህን የሚሰማው ያኔ ነው።

ገጸ ባሕርይ በዘመቻው መካከል ቢሞት ሥራው እንደገና ይጀመራል፤ በዚህ ጊዜ ግን አዲሱ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከተረፉት ጋር በሚቀራረብ ደረጃ ይፈጠራል፣ በዚያች ሰዓት በዚያ ቦታ የተገኘበትም ምክንያት ያስፈልገዋል።