አብረው በሚወለዱ የህብለ ሰረሰር ችግሮች የሚፈጠሩ ያልተለመዱ የነርቭ ስሜቶች

ኋላ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ጽንሱ በአራተኛ ሳምንቱ ላይ ሳለ ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ቱቦው በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው ችግር ይፈጠራል። ከጉዳቱ በታች ያሉ ነርቮች የስሜት መልእክትን ሊያቋርጡ፣ ሊያዛቡ ወይም ምንም ሳይነካቸው ራሳቸው ሊያመነጩ ይችላሉ። ስለዚህ ሲነኩት የማይሰማው እግር ሌሊት ሌሊት ሊያቃጥል ይችላል። «ደንዝዟል እያልክ እንዴት ያምሃል?» ብሎ መጠራጠር ታማሚውን መበደል ነው፤ ሁለቱም ባንድ እግር ላይ አብረው ይኖራሉ።

ታማሚዎች ስሜቱን ሲገልጹ ይነዝረኛል፣ ይወረኛል፣ ይለበልበኛል፣ ይጠዘጥዘኛል ይላሉ። አንሶላ ሲነካቸው እንኳ የሚያማቸው አሉ።

በጣም ግራ የሚያጋባው በሲሪንጎማይሊያ የሚመጣው ነው። በህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ፈሳሽ የያዘ ክፍተት ይፈጠርና፣ መሀል ላይ የሚሻገሩትን የሕመምና የሙቀት ነርቮች ይጎዳል፤ የንክኪ ስሜት ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ሰውየው ትኩስ ኩባያ መያዙን እጁ ይነግረዋል፣ መቃጠሉን ግን አይነግረውም። ቆዳው ውሃ ሲቋጥር በዓይኑ አይቶ ነው የሚያውቀው። ችግሩ በአብዛኛው የሚታየው በትከሻና በክንድ ላይ ነው።

ሌላው የህብለ ሰረሰር መታሰር ነው። በአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰሩ የሚያልቀው ከ1ኛው ወይም ከ2ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ከታች ከተጣበቀ ግን ልጁ ሲያድግ ይወጠራል፤ የጀርባና የእግር ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የአረማመድ ለውጥና ሽንት አለመቆጣጠር ይከተላል። በሕፃንነቱ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ላይም ከዓመታት በኋላ ሊከሰት ይችላል። ወገብ ላይ የበቀለ ጸጉር፣ የስብ እብጠት ወይም ጥልቅ ስርጉድ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ምልክት ነው። በኤክስሬይ በአጋጣሚ የሚገኝ ተራ የጀርባ አጥንት ክፍተት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም።

የማያመው እግር ከሚያመው ይልቅ ያሰጋል። ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ሳትታወቅ ቁስል ታደርሳለች፤ ስለዚህ ማታ ማታ ውስጥ እግርን በመስታወት ማየት፣ የመታጠቢያ ውሃን ሙቀት ስሜት ባለው የሰውነት ክፍል መለካት ያስፈልጋል።

ለነርቭ ሕመም ተራ ማስታገሻ ብዙም አይረዳም። ሐኪሞች ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያዛሉ። ለዓመታት ሳይለወጥ የቆየ ስሜት ያን ያህል አያስቸኩልም፤ አዲስ መደንዘዝ፣ የጉልበት መድከም ወይም የሽንት ለውጥ ከታየ ግን ሳይዘገዩ ኤምአርአይ መነሳት ይገባል። ጭንቅላቱ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ የሚያስወግድ ቱቦ የተገጠመለት ሰው ከሆነ፣ የቱቦው መዘጋትም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያመጣ አስቀድሞ መፈተሽ ያለበት እሱ ነው።